ዊስቴሪያችሁ ቅጠል ብቻ ከሆነ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግቢ ያላችሁ፣ ያ ሐምራዊ አበባ የሚያንዠረግገው ሐረግ፣ ዊስቴሪያ፣ አላብብ ካለ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ማዳበሪያ መብዛቱ ወይም አለመገረዙ ነው። የሣር ማዳበሪያ ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም፤ ከሥሩ አርቁት። ፀሐይም ይፈልጋል፣ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት።

የቻይናውና የጃፓኑ ዝርያ በዓመት ሁለቴ ይገረዛል። ጁላይ ወይም ኦገስት ላይ የዘንድሮዎቹን ረጃጅም ቀጫጭን ቀንበጦች ከመነሻቸው 5 ወይም 6 ቅጠል አስቀርታችሁ ቁረጡ። ፌብሩዋሪ ላይ፣ ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ብቻ ሲቀር፣ እነዚያኑ ወደ 2 ወይም 3 እንቡጥ አሳጥሯቸው። ያኔ ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ ወፈር ክብ ያለው እንቡጥ አበባ ነው፣ በፍጹም አትንኩት። ቀጠን ሾል ያለው ቅጠል ነው።

አዲስ የምትተክሉ ከሆነ ግን እኔ የምመርጠው የአሜሪካውን ዝርያ ነው። የእስያዎቹ ወደ ጫካ እየወጡ ዛፍ አንቀው ይገድላሉ። ከዘር የበቀለ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቃችሁ ስለሚችል፣ አበባ የያዘ ችግኝ ግዙ።

ልጆች ካሏችሁ ደግሞ እንደ ባቄላ እሸት የሚንጠለጠለውን ፍሬ ለቅማችሁ ጣሉ፤ መርዛማ ነው።