አሜሪካ ውስጥ ባንክራፕሲ ለማስገባት ጠበቃ እንዴት ይፈለጋል? ምንስ ይዘጋጃል?

የክሬዲት ካርዱ ዕዳ ከአቅም በላይ ሆኗል። የኮሌክሽን (የዕዳ ሰብሳቢዎች) ስልክ ፋታ አይሰጥም። ከደመወዝ ሊቆረጥ ነው የሚል ወረቀትም ከፍርድ ቤት መጥቷል። እዚህ ከደረሳችሁ ባንክራፕሲ (ከአቅም በላይ የሆነን ዕዳ በፍርድ ቤት በኩል ማሰረዝ ወይም ከፋፍሎ መክፈል) ነውር አይደለም፣ ሕጉ የሰጣችሁ መብት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ግን ሰው እንዳይሰማ ብለው እስከ መጨረሻው ይታገላሉ፤ 401ኬ ውስጥ ያለውን የጡረታ ገንዘባቸውን ሳይቀር አውጥተው ለካርድ ይከፍላሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያ ገንዘብ በባንክራፕሲ ጊዜ በአብዛኛው አይነካም ነበር። ስለዚህ ምንም ነገር ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ።

1. ያለባችሁንና ያላችሁን ሁሉ ጻፉ

አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ገብታችሁ ዕዳችሁን የሚመዘግቡትን የሦስቱን ድርጅቶች፣ የኢኩዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት በነጻ አውጡ። እሱ ግን ሁሉንም አያሳይም። ከአክስት የተበደራችሁት ዕዳ ነው። ዕቁብ ቀድሞ ደርሷችሁ ገና የምትጥሉት ካለም ዕዳ ነው፤ ዕጣው ገና ካልወጣላችሁ ደግሞ እስካሁን የጣላችሁት ገንዘብ እንደ ንብረት ይጻፋል። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየምም እንደዚሁ፣ ንብረቱ የትም አገር ይሁን ይጻፋል። በዘመድ ስም ያስቀመጣችሁት ነገር ካለ ለጠበቃው ንገሩት። ፎርሙ የሚፈረመው በመሐላ ነው፣ መደበቅ ወንጀል ነው። ጠበቃ አስቀድሞ ካወቀ መላ ይፈልጋል፤ ፋይሉ ከገባ በኋላ ሲሰማ ግን እጁ ይታሰራል።

2. የትኛው የባንክራፕሲ ዓይነት (ቻፕተር) እንደሚሆናችሁ በግርድፉ እወቁ

ቻፕተር 7 አብዛኛውን የካርድና የሐኪም ቤት ዕዳ ይሰርዛል፣ ብዙ ጊዜም በጥቂት ወራት ያልቃል። ለዚህ ከማስገባታችሁ በፊት ያሉት 6 ወራት ገቢ ከስቴታችሁ መካከለኛ ገቢ (ሚዲያን) ጋር ይነጻጸራል። ቻፕተር 13 ከ3 እስከ 5 ዓመት በየወሩ የሚከፈልበት ነው፤ ቤታቸው ሊወሰድባቸው ያለ ሰዎች ውዝፉን ቀስ ብለው ለመክፈል ይመርጡታል። የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ጊዜ ታክስና አብዛኛው የተማሪ ብድር በሁለቱም አይሰረዝም።

3. ጠበቃ ፈልጉ

ዋና ሥራው ባንክራፕሲ የሆነ ሰው ፈልጉ። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን የጨረሰላችሁ ጎበዝ ጠበቃ ለዚህ ላይሆን ይችላል። ፈቃዱን የስቴቱ ባር (የጠበቆች ማኅበር) ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብታችሁ አረጋግጡ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ምክክር በነጻ ስለሚሰጡ ሁለት ሦስቱን አነጋግሩ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ዋጋው ምን ምን ያካትታል? ከትረስቲው (ፋይሉን እንዲመረምር ከሚመደበው ሰው) ጋር ስንገናኝ አብረውኝ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው? ስደውል ማን ያነሳልኛል?

ፎርም እሞላላችኋለሁ የሚል ጠበቃ ያልሆነ ሰው የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። የትኛው ቻፕተር እንደሚሻላችሁ እንኳ ሊነግራችሁ አይችልም።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ ፊት የማይነገር ገመና አለ፣ ያ ሳይነገር ሲቀር ደግሞ ፋይሉ ይበላሻል። ከትረስቲው ጋር በምትገናኙበት ቀን በስልክ የሚያስተረጉም ሰው በነጻ ስለሚቀርብ አስቀድማችሁ ለጠበቃው ንገሩት። ገንዘብ ከሌላችሁ ደግሞ የአካባቢያችሁን ሊጋል ኤይድ (ነጻ የሕግ እርዳታ ድርጅት) ጠይቁ። የቻፕተር 7 የፍርድ ቤት ክፍያ 338 ዶላር ነው፤ በየጊዜው ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፣ ገቢው በጣም ዝቅተኛ ለሆነም ሊነሳለት ይችላል።

4. እስከዚያው እነዚህን አታድርጉ

ወገኖቻችን በብዛት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። የወንድሜን ዕዳ ልክፈልና ከዚያ ባንክራፕሲ አስገባለሁ የሚለው ሐሳብ ከቅንነት የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ከማስገባታችሁ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የከፈላችሁትን ትረስቲው ከዘመዳችሁ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ወንድማችሁ ባላሰበው ነገር ፍርድ ቤት ይጠራል። መኪናውን በእህት ስም ማዛወርም ያው ነው። ካርድ መጠቀም አቁሙ፣ በተለይ ጥሬ ገንዘብ አታውጡበት።

ኮሳይን ያደረገላችሁ (ለብድራችሁ አብሮ የፈረመላችሁ) ሰው ካለ ቀድማችሁ ንገሩት። ቻፕተር 7 እናንተን ነጻ ሲያወጣ አበዳሪው ወደ እሱ ይዞራል። ቻፕተር 13 ግን የመኪና ብድርን ለመሰሉ የግል ዕዳዎች፣ ክፍያው እየሄደ እስካለ ድረስ፣ እሱንም በአብዛኛው ይከልላል። አጎት ወይም የሥራ ባልደረባ ፈርሞላችሁ ከሆነ ይህን ለይታችሁ ከጠበቃው ጋር ተነጋገሩበት።

5. ወረቀት ሰብስቡ

የመጨረሻ 60 ቀን የደመወዝ ወረቀት፣ የታክስ ሪተርን (ለቻፕተር 13 ያለፉት 4 ዓመታት ሪተርን ለታክስ ቢሮ ገብቶ መሆን አለበት)፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የመኪና ታይትል፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የክስ ወረቀት፣ መታወቂያና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ። ኡበር ወይም ታክሲ የምትነዱ ከሆነ የየወሩን ገቢ፣ ነዳጅና ጥገና ለይታችሁ ጻፉ።

ከዚያ የክሬዲት ካውንስሊንግ ትምህርት አለ፤ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ይወሰዳል። ከማስገባታችሁ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ፣ ፈቃድ ካለው ድርጅት መሆን አለበት።

6. ከገባ በኋላ

ፋይሉ በገባበት ቅጽበት ኮሌክሽኑና የደመወዝ ቆረጣው በሕግ ይቆማል፤ የልጅ ማሳደጊያ ግን ይቀጥላል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ከትረስቲው ጋር ትገናኛላችሁ፤ የቻፕተር 7 ብዙ ጊዜ በዙም ነው፣ ጥያቄውም አጭር ነው። ግሪን ካርዴን ያሳጣኛል ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ፣ ባንክራፕሲ በራሱ አያሳጣም። ክሬዲት ሪፖርት ላይ ግን ቻፕተር 7 እስከ 10 ዓመት ይቆያል።

ሁለተኛውን የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ወስዳችሁ ሰርቲፊኬቱ መግባቱን ከጠበቃው አረጋግጡ። እሱ ካልገባ ዕዳው ሳይሰረዝ ፋይሉ ይዘጋል፤ እንደገና ለማስከፈትም ሌላ ክፍያ አለ።