የአልጀብራ የጋራ አካፋይን በኮምፒውተር እንዴት እናወጣለን?

ጅማ ላይ ቡና የሚነግድ ሰው አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ከዚሁ እንነሳ። የፈረሱላው ብዛት ፈ ይሁን፣ የኪሎ መሸጫው ሸ፣ መግዣው ገ። ለማጓጓዣ በኪሎ 2 ብር ከወጣ ትርፉ 17*ፈ*ሸ - 17*ፈ*ገ - 34*ፈ ነው። ሦስቱም ተርም ውስጥ (በመቀነስ ምልክት የተለያዩት ክፍሎች) 17*ፈ አለ። ይሄ በዓይን ይታያል፤ ተርሞቹ ሃያ ሲሆኑና ካሬና ኪዩብ ሲቀላቀልባቸው ግን ዓይን ይስታል፣ ያኔ ሲምፓይ ይድረስላችሁ።

ሲምፓይ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ነፃ የአልጀብራ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፕ ከሌላችሁ በስልካችሁ ብሮውዘር ጉግል ኮላብን ክፈቱ፣ እዚያ ተጭኖ ይጠብቃችኋል። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፣ እኔ እዚህ እንደሚነበቡ አስቀምጣቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሲምፓይን ኢምፖርት አድርጉ፣ ማለትም ወደ ሥራችሁ ጥሩት። ቀጥሎ ሲምቦልስ በሚለው ትእዛዝ ፊደሎቻችሁን አስተዋውቁ። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን ስለሚቀበል ፈ፣ ሸ፣ ገ ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ግን ተጠንቀቁ፦ ለእኛ ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ላይ ሀ ብላችሁ ታች ሐ ከጻፋችሁ አላውቀውም ይላችኋል። ሰ እና ሠም እንዲሁ። የማባዣዋን ኮከብ አትርሱ፤ ካሬ ለማድረግ ደግሞ ሁለት ኮከብ ነው፣ ሀ**2።

አሁን ፋክተር በሚለው ትእዛዝ ያንን የቡና ሒሳብ ስጡት። 17*ፈ*(ሸ - ገ - 2) ይመልሳል። አንዳንዴ የተርሞቹ ቅደም ተከተል ይቀያየራል፣ ወይም ነጌቲቩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ ያው ነው።

ፋክተር ግን የጋራውን አውጥቶ ብቻ አይተውም፣ የቻለውን ሁሉ ይበትናል። ሀ*ለ**2 - ሀ ብትሰጡት ሀ*(ለ - 1)*(ለ + 1) ይላችኋል። የጋራውን ብቻ ከፈለጋችሁ ፋክተር ተርምስን ተጠቀሙ፣ በሁለቱ ቃላት መካከል የታች ሰረዝ አለ። እሱ ሀ*(ለ**2 - 1) ብሎ ያቆማል። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ፋክተር ብሎ ቅንፉ ሲበዛበት ግራ ይጋባል።

ሁለት የተለያዩ ፖሊኖሚያሎች የሚጋሩትን ስትፈልጉ ደግሞ ትእዛዙ ጂሲዲ ነው። ሀ**2 - 9 እና ሀ**2 + 5*ሀ + 6 ስጡት፤ ሀ + 3 ይወጣል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ በካሬ ቅንፍ ዘርዝራችሁ አንድ ላይ አስገቧቸው። አንዱን ለሌላው ማካፈል ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ካንስል የሚለው ትእዛዝ የጋራውን አጥፍቶ (ሀ - 3)/(ሀ + 2) ይሰጣችኋል። ሀ ግን -3 መሆን እንደማይችል እናንተው ያዙት፣ ካንስል ያንን አይነግራችሁም።

አስርዮሽ ደግሞ አታስገቡ። 0.1 ኮምፒውተሩ ውስጥ በግምት ነው የሚቀመጠው፣ ያቺ ኢምንት ልዩነት ደግሞ የጋራ አካፋዩን ልታጠፋው ትችላለች። አንድ ሦስተኛ ካላችሁ ራሽናል በሚለው ጻፉት፣ የመጀመሪያ ፊደሉ ትልቅ ነው።

የፋክተርን ወይም የፋክተር ተርምስን መልስ ለማረጋገጥ ከመጀመሪያው ሒሳብ ቀንሱትና ቅንፉን በሚፈታው ትእዛዝ፣ ኤክስፓንድ በሉት። 0 ከመጣ ልክ ነው።