የበር ቁልፍ ሲሊንደር ውስጡ እንዴት ይሠራል? ፈቶ ለማየት፣ ለማጽዳትና መልሶ ለመግጠም

ቁልፉ ገብቶ አልዞር ሲል ብዙዎቻችን ሲሊንደሩ ተበላሽቷል ብለን አዲስ ለመግዛት እንሮጣለን። ይሁን እንጂ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአቧራ፣ የተበላ ቁልፍ ወይም የተዛነፈ በር ሆኖ ስለሚገኝ፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ምን እንደሚሠሩ ማወቅ ይበጃል።

እዚህ የምናየው በከተማ ቤቶች በር ላይ በብዛት የሚገጠመውን፣ ከፊት ሲታይ ላዩ ክብ ሆኖ ከታች ጠበብ ያለ እግር ያለውን የአውሮፓ ቅርጽ ሲሊንደር ነው። ቁመቱ 33፣ የክቡ ስፋት 17፣ የእግሩ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ፋብሪካ ሥራ በሌላው ቦታ ይገባል፤ የሚለያየው ርዝመቱ ነው።

ሲሊንደሩ የማይንቀሳቀስ ቀፎ አለው፤ በቀፎው ውስጥ ደግሞ ቁልፉን ተቀብሎ የሚዞር ክብ አካል አለ፤ መዞሪያ እንበለው። ከቀፎው እግር ተነስተው ወደ መዞሪያው የሚዘልቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት የሆኑ ቀዳዳዎች በአንድ ረድፍ ተበስተዋል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከታች አንዲት ሞላ፣ ከሞላዋ ላይ ገፊ ፒን፣ ከእሱም ላይ ቁልፉን የሚነካው የቁልፍ ፒን ይቀመጣሉ። ገፊዎቹ ብዙውን ጊዜ እኩል ሲሆኑ የቁልፍ ፒኖቹ ግን ርዝመታቸው ይለያያል፤ ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቁልፍ ሳይኖር ሞላዋ ገፊውን ወደ ላይ ስለምታነሣው ግማሹ በቀፎው፣ ግማሹ በመዞሪያው ውስጥ ሆኖ እንደ መወርወሪያ ይከረቸማል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ የጥርሱ ከፍታና ዝቅታ እያንዳንዱን ፒን በልኩ ይጫነውና፣ ሁለቱ ፒኖች የሚገናኙበት ቦታ መዞሪያውና ቀፎው በሚለያዩበት መስመር ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ መዞሪያው ነፃ ይሆናል። ከአምስቱ አንዷ ፒን እንኳ ከመስመሩ ብታልፍ ወይም ብታንስ አይዞርም። አምስት ፒኖች ስድስት የተለያየ ርዝመት ቢኖራቸው በስሌት 7,776 ዓይነት ቁልፍ ይወጣል፤ ፋብሪካዎች ግን ለመቅረጽ የማይመቹትን ይተዋሉ። የጥንት ግብፃውያን በእንጨት ፒን፣ ያለ ሞላ፣ በፒኑ ክብደት ብቻ ይሠሩበት የነበረውን ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል በ1848 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አስመዘገበበት፤ ልጁም በ1861 ዛሬ የምንይዘውን ጠፍጣፋ ቁልፍ አመጣ።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ መጀመሪያ በሩን ከፍተው ቁልፉን ያዙሩት። በሩ ተከፍቶ በደንብ ዞሮ ሲዘጋ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው፤ ምላሱ (ከበሩ ወጥቶ የሚቆልፈው ብረት) ከመቃኑ ቀዳዳ ጋር አልገጠመም ማለት ነውና መስተካከል ያለበት ማጠፊያው ወይም ቀዳዳው ነው። በሩ ተከፍቶም ካስቸገረ፣ ከሲሊንደሩ ጋር የመጣውንና ብዙ ያልተሠራበትን ቁልፍ ይሞክሩ። እሱ የሚሠራ ከሆነ በየቀኑ የሚይዙት ቁልፍ ተበልቷል። ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሲሄዱም ዋናውን ይስጡ፤ ከቅጂ የተቀረጸ ቅጂ የፊተኛውን ስሕተት ይወርሳልና።

ሁለቱም ቁልፎች የሚያስቸግሩ ከሆነ አቧራ ይጠርጥሩ። የምግብ ዘይትም ሆነ ግራሶ አይጨምሩ፤ ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል፣ ከዚያ አቧራውን እንደ ጭቃ ይዞ ሞላዎቹን ያስራል። ለስላሳ እርሳስ በቁልፉ ጥርስና ጎን ላይ ደጋግመው ያሹ፣ ቁልፉን ብዙ ጊዜ ያስገቡና ያውጡ፣ የወጣውን ጥቁር እድፍ በጨርቅ ይጥረጉ።

ይህም ካልረዳ ሲሊንደሩን ያውጡ፤ በሩ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሁን። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ በሲሊንደሩ ትክክል ያለውን ረጅም ብሎን በካቻቢቴ ይፍቱ። ሲሊንደሩ ግን ወዲያው አይወጣም፤ ምላሱን የምትገፋው መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ ትይዘዋለች። ቁልፉን አስገብተው በጥቂቱ ሲያዞሩት ክንፏ ከእግሩ ጋር ትስተካከላለች፤ ያን ጊዜ ይሳቡት። አዲስ መግዛት ካስፈለገ ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ እያንዳንዱ ጫፍ ለየብቻ ይለኩ፤ ለምሳሌ 30 በ40 ሚሊ ሜትር። ከበሩ መሸፈኛ በውጭ በኩል ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የወጣ ሲሊንደር አይግጠሙ፤ ሌባ ይዞ ሲያጣምመው በጣም በሳሳው ቦታ፣ በብሎኑ ቀዳዳ ላይ፣ ይሰበራል።

ውስጡን በዓይን ለማየት የተጣለ ግማሽ ሲሊንደር (በአንድ በኩል ብቻ ቁልፍ የሚገባበት) ይጠቀሙ፤ የሚሠራበትን አይፍቱ። ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ከኋላ ያለችውን ቀለበት ያውጡ፣ ቁልፉን አስገብተው ጥቂት ያዙሩና መዞሪያውን በእኩል ውፍረት ባለ ክብ እንጨት ከኋላ እየገፉ በፊት በኩል ያውጡት። እንጨቱ የመዞሪያውን ቦታ ካልተካ ገፊዎቹና ሞላዎቹ ተስፈንጥረው ይጠፋሉ። አሁን መዞሪያውን ከነቁልፉ ወደ ብርሃን ያዙሩት። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ፒኖች ጫፋቸው ከመዞሪያው ገጽ ጋር ተስተካክሎ ይታያል፤ ጣት ቢያስኬዱበት እምብዛም አይሰማም። ፒኖቹ ሳይወድቁ ቀስ ብለው ሌላ ቁልፍ ቢያስገቡ ግን አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትሰምጣለች። ስለ አሠራሩ የተጻፈው ሁሉ ከዚህ እይታ ጋር አይተካከልም።

ሲገጥሙ ክንፏን አስተካክለው ያስገቡ፣ ብሎኑን ሳያጠብቁ ቁልፉን በሁለቱም በኩል ይሞክሩ፣ ከዚያ በልኩ ያጥብቁት፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሲሊንደሩ ተጣሞ መዞሪያው ይከብዳል። በሩን የሚዘጉት፣ ተከፍቶ ሳለ ምላሱ ደጋግሞ ሳይታገል መውጣትና መግባቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው።