ሲናርን ከስንዴ ማሳ እንዳይጠፋ የሚያደርጉ ስህተቶች

ደብረ ኤልያስም ሆነ ቢቸና ስንዴ የሚዘራ ገበሬ አጃ የሚመስለውን አረም፣ ሲናርን፣ ያውቀዋል። በየዓመቱ ይታረማል፣ በየዓመቱ ይመለሳል። ምስጢሩ ያለው ፍሬው ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት «የዘንድሮውን ነቅለናል፣ አለቀ» ማለት ነው። የሲናር ፍሬ ሁሉም በአንዴ አይበቅልም። አዲስ የረገፈው ፍሬ እርጥበት ቢያገኝ እንኳ ይተኛል። የሚነቃው ደረቁን በጋ ከከረመ በኋላ ነው። ያኔም ከፊሉ ዘንድሮ፣ ከፊሉ ለከርሞ፣ ሌላው ከዚያም በኋላ ይበቅላል። አንድ ዓመት አርሞ በማግስቱ ዓመት ችላ ማለት ድካምን ውሃ ያስበላል።

አጨዳ እንዳለቀ ገልብጦ ማረስም ይጎዳል። ላይ የቀረውን ፍሬ ወፍና አይጥ ይለቅሙታል። ዕድሜ የሚያገኘው የተቀበረው ነው። 10 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም 15 ሴንቲ ሜትር ተቀብሮ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል።

ደግሞ ራሱን መቅበር ይችልበታል። ይሞክሩት፦ አንድ የደረቀ ፍሬ መዳፍዎ ላይ ያስቀምጡና ውሃ ጠብ ያድርጉበት። እንደ ጉልበት የታጠፈው ጠቆር ያለ ጭራው ቀስ እያለ መዞር ይጀምራል። እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቅ በዚህ ዙረት ፍሬውን ወደ ስንጥቅ ይገፋዋል። የዋልካ መሬታችን ደግሞ በበጋ ስንጥቅ ሞልቶታል።

ዝናብ ጣለ ብሎ ወዲያው መዝራት ሌላው ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የነቃውን ሲናር ያበቅለዋል። የዘር ወቅት እስካላለፈ ድረስ ብቅ እስኪል ይታገሡት፣ ከዚያ አርሰው ይገልብጡትና ይዝሩ። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው፤ ከኪስ የሚወጣ ነገር የለውም።

የጎተራ ዘር ሳያበጥሩና ሳይለቅሙ መዝራት በገዛ እጅ አረም መዝራት ነው።

ብዙ ሰው ሲናሩን የሚያየው ዘለላ ሲያወጣ ነው። ያን ጊዜ ረፍዷል፤ ስንዴው ሳይደርስ የላይኛው ፍሬ መርገፍ ይጀምራል። በቡቃያነቱ ለመለየት ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበትን ቦታ ገለጥ አድርገው ይዩ። ስንዴ እዚያ ጋ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉት፣ ሲናር የለውም።

ፍሬ የያዘውን ነቅሎ ድንበር ላይ መጣልም፣ ለከብት መስጠትም አያዋጣም። ከከብት ሆድ በሕይወት የሚወጣ ፍሬ አለ፤ በፍግ ተመልሶ ማሳዎ ይገባል። ፍጉ ተከምሮ፣ ግሎ፣ በደንብ ሳይብላላ ማሳ ላይ አይበትኑት።