ተማሪዎችን ከመሬት ጋር ስናስተዋውቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የሚብሰው የጓሮ ሥራን ቅጣት ማድረግ ነው። ያረፈደ ተማሪ አረም ይነቅላል፤ የረበሸ ጉድጓድ ይቆፍራል። በብዙ ትምህርት ቤት የተለመደ ስለሆነ ጥፋትነቱ አይታየንም። ልጁ ግን አፈር መንካትን ከውርደት ጋር አያይዞ ያድጋል። በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስናቋቁም ማን ይመዘገባል? መኮትኮት ጎበዙም ሰነፉም በተራ የሚደርሰው፣ መምህሩም አብሮ የሚሠራው ይሁን።

በዓመት አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተከራይቶ መናገሻ ሱባ ወይም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ደርሶ መመለስም በቂ አይደለም። ጉዞው ጥሩ ነው፤ ይደረግ። ነገር ግን በየሳምንቱ ወደ አንድ ዛፍ ሥር መመለስ ይበልጣል። የትኛው ወፍ ያርፍበታል? አፈሩ በጥቅምትና በየካቲት ምን ልዩነት አለው? ግቢው ዛፍ ከሌለው፣ በደጋው አገር ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ደን ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሆንም። አስተዳዳሪውን ማስፈቀድ ብቻ ነው።

ሌላው የመሬቱንና የትምህርት ቤቱን ጊዜ ሳያስተያዩ ማቀድ ነው። ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው፤ ያኔ ተማሪው እረፍት ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ተቻኩለን እንተክልና ፎቶ ተነሥተን እንለያያለን። ላስቲኩ ሳይወልቅለት የተቀበረ ችግኝ አይቻለሁ፤ ሥሩ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይጠማዘዛል። ችግኙ የሚፈተነው ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ባሉበት ጊዜ ነው። ጥቂት ተክላችሁ እያንዳንዱን ለአንድ ክፍል ስጡ፤ የውኃ ማጠጫ ተራ አውጡ፤ ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑ፤ ለክረምቱም በአቅራቢያው የሚኖሩ ልጆችን መድቡ። መስከረምንም አታባክኑት። ትምህርት ሲከፈት አደይ አበባ ሜዳውን ሞልቶታል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን አይገኝም። እኛ እነዚያን ሳምንታት በምዝገባና በመጽሐፍ እደላ እንጨርሳቸዋለን።

ልጆቹ የሚያውቁትን አለመጠየቅም ያሳዝነኛል። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ የትኛው ቅጠል ከብት እንደሚጎዳ፣ የትኛው ፍሬ እንደሚበላ ያውቃል፤ መጽሐፉ ላይ ስለሌለ ግን ዝም ይላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቁት ከዚያ ተነሥተው ነው። ሴቶቹ ተክሉን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። እናቶችንና ገበሬ አባቶችን ክፍል ጋብዟቸው፤ ስማቸውን ጠርታችሁ፣ እንደ መምህር አስቀምጣችሁ አስተምሩን በሏቸው።

በየጉዞው ሪፖርት ማስጻፍም ይቅር፤ አንዳንዱን ቀን ዝም ብለው ይዩ። ወንዝ ዳር ስትወርዱ ግን አንድ መምህር ብቻውን አይበቃም፤ ሳማ ያለበትንም ቦታ አስቀድማችሁ አሳዩአቸው።