እኩለ ሌሊት ላይ የሚጠፋው የቫናችን ማቀዝቀዣ

ከባለቤቴ ጋር በቫን ከአንዱ ፓርክ ወደ ሌላው ስንጓዝ ማቀዝቀዣው እኩለ ሌሊት ላይ እየጠፋ ምግባችን ይበላሽብን ነበር። ባትሪው ያረጀ ስለመሰለን አዲስ ልንገዛ ነበር። ባለቤቴ ግን «መጀመሪያ ይለካ» አለች፤ ልክ ነበረች።

ማቀዝቀዣው እየሠራ ስንለካ ባትሪው ላይ 12.3 ቮልት፣ ማቀዝቀዣው መሰኪያ ላይ ደግሞ 11.6 ቮልት ብቻ አገኘን። እነዚህ ማቀዝቀዣዎች ባትሪው ተሟጦ እንዳይጎዳ የሚደርሳቸው ቮልት ሲወርድ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የእኛ ባትሪ ግን ገና ብዙ ኃይል ነበረው።

ችግሩ ሽቦው ነው። ከቫኑ ጋር የመጣው ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን ርዝመቱ ደርሶ መልስ 12 ሜትር ነው፤ 5 አምፔር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት ያህል ያባክናል። ስታሰሉ የመመለሻውን ሽቦ ርዝመት አብራችሁ ደምሩ፤ እሱ ከተዘነጋ ሒሳቡ በግማሽ ይሳሳታል።

የባትሪውን ነጌቲቭ ጫፍ ፈትተን ሽቦውን በ6 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ተካነው። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አደረግነው፤ ሽቦው አንድ ቦታ ቢላጥና ከቫኑ ብረት ጋር ቢገናኝ እሳት የሚከለክለው እሱ ነው። በሲጋራ መለኮሻ ቅርጽ የተሠራውን መሰኪያም በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ለወጥነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ስለሚላላ እንዲህ ያለውን መሰኪያ ለማቀዝቀዣ ፈጽሞ አልመክርም።

አሁን የሚባክነው ከ0.2 ቮልት በታች ነው፤ ማቀዝቀዣውም እስከ ንጋት ይሠራል። የመጥፊያውን ቮልት በማቀዝቀዣው ላይ ዝቅ ማድረግም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ቀጭኑ ሽቦ ኃይል ማባከኑን አይተውም።