አይጡን ትያዝ፣ ጫጩቱን ትተው፦ የድመትን አደን እንዴት መስመር ማስያዝ ይቻላል?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ሳያንኳኩ ገቡ። በነጠላቸው ጫፍ የያዙትን ነገር ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ቢጫ ጫጩት ናት፤ አንገቷ ተሰብሯል። «ልጄ፣ ይቺን ድመትሽን አንድ በዪልኝ። ይኼ አራተኛዬ ነው» አሉ። ልክፈልዎት ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ድመቴ ውሪት አጥሩ ላይ ተጋድማ እግሯን ትልሳለች፤ ጉዳዩ ጭራሽ አይመለከታትም።

እስከዚያ ቀን ድረስ በአደኗ እኮራ ነበር። ቤታችን አሮጌ የጭቃ ቤት ስለሆነ ኮርኒሱ ላይ አይጥ ሲሯሯጥ ያድር ነበር። እሷ ከመጣች ወዲህ ኮሽታው ጠፋ። ታዲያ አደን ተዪ ልበላት? «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ፤ ብላት አትሰማኝም፣ ብትሰማኝ ደግሞ አይጦቹ ይመለሳሉ። ስለዚህ አደኗን ትቼ ሰዓቱንና ቦታውን መለወጥ ያዝኩ። ያደረግኩት በቅደም ተከተል ይኸው።

1. ምን፣ መቼ እንደምትይዝ መዝግቡ

ለሁለት ሳምንት ያመጣችውን ሁሉ ጻፉ። እኔ ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደር ነው የጻፍኩት። አይጥ ሌሊት፣ ወፍና ጫጩት ጠዋት፣ እንሽላሊት ፀሐይ ሲሞቅ። ድመት ይበልጥ የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ማለዳ ደግሞ ወፎችም መሬት ወርደው የሚለቅሙበት፣ ጫጩቶችም ከቤት የሚለቀቁበት ሰዓት ነው። ግጭቱ እዚያ ላይ ነው።

2. ሳህኗን አስተካክሉ

ብዙ ቤት «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» እየተባለ ድመት ትራባለች። እውነቱ ሌላ ነው። ድመት ጠግባም ታድናለች፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየች መዝለሏ አይቀርም። የራባት ግን የእናንተን ግቢ አልፋ የጎረቤት ዶሮ ቤት ድረስ ትሄዳለች።

ምን እንደምትበላም ወሳኝ ነው። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ቤቶች ውስጥ ባሉ 355 ድመቶች ላይ የሠሩትን ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. አውጥተው ነበር። እህል የሌለበት፣ የሥጋ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት የሚያመጡት አደን በ36 በመቶ ቀነሰ። እንጀራ በሽሮ የምትበላ ድመት ውጭ ሥጋ ብትፈልግ ምን ይገርማል?

እኔ ከሉካንዳ ሳንባና ልብ እገዛለሁ። ቀቅዬ፣ ቆራርጬ፣ ከነመረቁ እሰጣታለሁ። መረቁን አትድፉት። ድመት ለዓይኗና ለልቧ የግድ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሲቀቀል ወደ ውሃው ይወጣል። በተለይ ልብ ላይ በደንብ አለ። ጉበትም ትወዳለች፤ ግን በሳምንት አንድ ሁለቴ ይበቃል፤ በየቀኑ ሲሆን ቫይታሚን ኤ በዝቶባት ይጎዳታል።

ወጥ ግን ተዉ። የኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ሲበስል መርዝነቱ አይጠፋም። ይህን እስክሰማ ድረስ የዶሮ ወጥ አጥንት የምወረውርላት እኔው ነበርኩ፤ የበሰለ አጥንት ራሱ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ወተትም ቢሆን ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ንጹህ ውሃ ይሻላል።

3. ማታ ማታ አጫውቷት

አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲባጎ፣ ጫፉ ላይ የዶሮ ላባ፣ ሌላኛው ጫፍ ዱላ ላይ ይታሰር። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ላባውን ፊቷ ላይ አታወዛውዙባት፤ አይጥ ወደ ድመት አትመጣም። ከሶፋው ሥር ቀስ አድርጋችሁ አውጡት፣ አቁሙት፣ ከዚያ ድንገት አሽሹት። ውሪት መጀመሪያ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ቀጥሎ ቂጧን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች፣ ከዚያ ዘላ ጉብ ነው። በመጨረሻ እንድትይዘው ፍቀዱላት፤ ወዲያው እራቷን ስጧት። አደነች፣ ያዘች፣ በላች፤ ቀጥሎ ራሷን ልሳ መተኛት ነው።

በዚያው ጥናት በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የተጫወቱ ድመቶች የሚያመጡት አደን በ25 በመቶ ቀንሷል። ድመቷ ታግላ ምግብ የምታወጣበት መጫወቻ ግን አደኑን በ33 በመቶ ጨምሮታል። ምናልባት ተናደው ይሆናል!

ስትጨርሱ ሲባጎውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ክር የዋጠች ድመት አንጀቷ ይታሰራል፤ ያለ ኦፕራሲዮን ላትድን ትችላለች።

4. ሌሊት አይጥ ያለበት ቦታ አሳድሯት

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ውሪት ወደ ዕቃ ቤት ትገባለች፤ ጤፉና ሽንኩርቱ ያለበት፣ አይጥ የሚወደው ክፍል። ውሃ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ሰጋቱራ የተሞላ ሳፋ አስቀምጬላታለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ይከፈታል። በዚያ ሰዓት ወፎቹ በልተው ዛፍ ላይ ወጥተዋል፣ እማማም ጫጩቶቻቸውን ለመጠበቅ ደጅ ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሌሊቶች ጮኸች፤ የግቢው ሰው ሁሉ ሰማ። በሩን አልከፈትኩም። አንዴ ከከፈታችሁ ጩኸት እንደሚሠራ ትማራለች። በአምስተኛው ቀን እራቷን እዚያው ስሰጣት ራሷ ቀድማኝ መግባት ጀመረች።

ሰጋቱራውን በየቀኑ አጽዱ። አይጥ የምትበላ ድመት በዓይነ ምድሯ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ልታወጣ ትችላለች፤ ተሕዋሱ ሰው ላይ ለመተላለፍ የሚደርሰው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ጽዳቱን ሌላ ሰው ይያዘው።

5. ደማቅ አንገትጌ አድርጉላት

ሁሉም የሚያስበው ቃጭል ነው። በቃጭል ላይ የጥናቶች ውጤት ይለያያል፤ የኤክሰተሩ ጥናት ለውጥ አላገኘበትም። ደማቅ ቀለም ያለው ሰፊ የጨርቅ አንገትጌ ግን የሚያዙትን ወፎች በ42 በመቶ ቀንሷል። ወፍ ቀለም በደንብ ስለምታይ ቀድማ ትበራለች። ለእኛ የሚያስደስተው አይጥ ላይ ምንም ለውጥ አለማምጣቱ ነው። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከቀይና ከቢጫ ቁራጭ ጨርቅ በአንድ ሻይ ዋጋ ሰፋልኝ።

ጨርቁ የሚገባበት ማሰሪያ ግን ሲሳብ ራሱ የሚፈታ መሆን አለበት። አለዚያ አጥር ሽቦ ላይ ተይዛ ትታነቃለች። ከአንገቷና ከማሰሪያው መሀል ሁለት ጣት ይግባ።

6. ግቢውን አስተካክሉ

ጫጩት ካለ ከላይም የተሸፈነ፣ የድመት እጅ የማያስገባ ጠባብ የሽቦ መረብ ይደረግ። እኔ ለእማማ ግማሹን ወጪ ሸፍኜ አሠራሁላቸው፤ ይህን ግን እሺ አሉ። ወፍ ጎጆ የሠራበት ዛፍ ካለ ግንዱን ሰፋ ባለ ለስላሳ ላሜራ ጠቅልሉት። ለወፍ ጥሬ የምትበትኑ ከሆነ ከቁጥቋጦ ራቅ አድርጉ።

7. የአይጥ መርዝና ድመት አይስማሙም

መርዝ የበላ አይጥ ይደክማል፤ ለድመት ቀላል አደን ነው። አንዳንዱ መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፦ ድካም፣ የድድ መንጣት፣ ከአፍንጫ የሚወጣ ደም። ወተት አጠጧት የሚሏችሁን አትስሙ። የመርዙን ፓኬት ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ፤ ለዚህ ዓይነቱ መርዝ ቫይታሚን ኬ የሚባል መድኃኒት አለ። ጎረቤትም መርዝ ሲያስቀምጥ እንዲነግራችሁ አስቀድማችሁ ለምኑ።

ሐኪም ጋ ከሄዳችሁ አይቀር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የትል መድኃኒት ነገር አንሱ። ማስመከንም አስቡበት። አደንን አያጠፋም፤ ግን ብዙ ከመዞር ያግዳታል፣ ግልገል የምታበላ እናት ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ታድናለች።

8. ይዛ ስትመጣ

አትምቷት። ስትመቷት የምትማረው ከእናንተ ተደብቆ መብላትን ብቻ ነው። ግን አታወድሷት። ምግብ አሳይታችሁ አፏን አስከፍቱ፣ እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ አንሱት፣ ጣሉት፣ ታጠቡ። ወፏ በሕይወት ካለች ጨለም ባለ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጡና ሐኪም ጠይቁ፤ የድመት ጥርስ ትንሽ ቢነካት እንኳ ቁስሉ ያመረቅዛል።

ባለፈው ማክሰኞ ዕቃ ቤቱን ስከፍት ውሪት የጤፍ ጆንያው ላይ ተኝታለች። ከበሩ ሥር አንዲት የአይጥ ጭራ ብቻ ቀርታለች። ፌስታሌን ይዤ ጎንበስ አልኩ።